ሰላምታ የተከለከለበት ማኅበር

የማኅበራችን ታሪክ አጭር ነው። እንጅባራ ስንማር፣ ዘንገና ሐይቅ ዳር ጋቢ ተከናንበን፣ ጦጣዎች ከዛፍ ላይ እያዩን ተማምለን መሠረትነው። አባል የሚሆነው በትምህርቱ ከክፍሉ የላቀ ተማሪ ብቻ ነበር። ዓላማው ምን እንደነበር ዛሬም በቅጡ አልገባኝም። ሕጉን ግን አልረሳውም፦ አባል መሆንህን ለማንም አትናገርም፤ ውጤትህን ለወላጅ እንኳ አታወራም፤ ሌላውን አባል መንገድ ላይ ብታገኘው የማታውቀው መስለህ ታልፋለህ። የመጨረሻውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በጣም ብልህ ሐሳብ መስሎኝ ነበር።

ችግሩ፣ አንዱ አባል የዳንግላ ጎረቤታችን ልጅ ነው። አፈር ፈጭተን፣ ውኃ ተራጭተን ነው አብረን ያደግነው። ለእረፍት ወደ ቤት ተመልሰን ሳለ ገበያ መሀል ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሕግ ሕግ ነውና እኔ ሽንኩርት የምመርጥ መሰልኩ፤ እሱ ሰማይ ሰማዩን እያየ አለፈ። ሰላምታ ሲጀመር ከብቱና አዝመራው ሳይቀር በሚጠየቅበት አገር፣ ሚስጥር ለመጠበቅ ከዚህ የከፋ ዘዴ አይገኝም። ገበያተኛው ሁሉ አየን።

ሳምንት ሳይሞላ እናቴና እናቱ ተኳረፉ፤ እያንዳንዳቸው የሌላዋ ልጅ የእሷን ልጅ የናቀ መስሏቸው። በአጥር ላይ እሳት ሲቀባበሉ የኖሩ ሴቶች እንደ ባዳ ተላለፉ። እናቴን ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ያኔ ፈራሁ።

ሽማግሌዎች ሁላችንንም እኛ ቤት ሰበሰቡን።

"በሉ ልጆቼ፣ ያጣላችሁ ምንድን ነው?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"ኧረ አልተጣላንም፣ አባባ" አልኩ።

"ታዲያ ሰላምታ የእግዜር አይደል እንዴ? ማን ከለከላችሁ?"

ጓደኛዬ መሬት መሬቱን ያያል። መሐላዬን ጠብቄ እንደ ጀግና ዝም ልል አስቤ ነበር። የእናቴን ፊት ሳይ ግን አልቻልኩም፤ ሁሉንም ዘከዘክሁት።

ሽማግሌው ጢማቸውን እያሻሹ "እና ጎበዞች ስለሆናችሁ ነው ሰላም የማትባባሉት?" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እናቶቻችን ተቃቅፈው ተላቀሱ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ እንጅባራ ደረሰ፤ ማኅበሩም በዚያው ፈረሰ።

የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እናቴ ሳቋ ጠፋ። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ጎበዝ ነህ ማለት ነው?"

"አዎ።"

"እኔ እኮ በስልክ ስለ ትምህርትህ ስጠይቅህ ዝም ስትለኝ፣ ሊያባርሩት ነው ብዬ ዓመቱን ሙሉ ማርያምን ስማጸን ከረምኩ።"