የዊርዮ በቀቀንና የዳርሶኖ ፌንጣ

ልብስ ሰፊው ዊርዮ በጃቫ፣ ከክላተን ከተማ ወጣ ባለች መንደር ስድሳ ዓመት ሲኖር ተከራክሮ ያልጠገበው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በበቀቀንና በፌንጣ። «በቀቀን ያስተማሩትን ይናገራል፤ ፌንጣ ግን ዕድሜ ልኩን አንዲት ቃል ይዞ ያላዝናል» ይላል። ጎረቤቱ ዳርሶኖ ደግሞ ጥቁር ፌንጣ በቀርከሃ ውስጥ አኑሮ ያዳምጣል፤ የሰው ቃል ከሚሰርቅ የራሱን የሚዘፍን ይሻላል ባይ ነው። አቤት የሁለት ሽማግሌ ክርክር! የእማማ ጊናህ ሻይ ቤት ደንበኞች በቃላቸው ይዘውታል።

ዘንድሮ ለይቶላቸው ተወራረዱ። የዊርዮ በቀቀን ከሦስት ወር በኋላ እሁድ በሚደረገው የወፎች ውድድር ሕዝብ ፊት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከተናገረ፣ ዳርሶኖ ዊርዮን እስከ ዕለተ ሞቱ «መምህር» እያለ ሊጠራው፤ ካልተናገረ ደግሞ ዊርዮ ዳርሶኖን። ዊርዮ አራተኛ ክፍልን ያልጨረሰ ሰው ነው፤ ይህችን ቃል ሲመኛት ነው ያረጀው።

እንደ አገሩ ደንብ የወፉን ቤት በጨርቅ ሸፈነው፤ የሚማር ወፍ የመምህሩን ድምፅ ብቻ ይሰማል እንጂ ምንም አያይም። ሦስት ወር ሙሉ በየንጋቱ ጭንቅላቱን ከጨርቁ ሥር አስገብቶ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ክቡራን» ሲለው ከረመ። ወፉ ግን ዝም። ዊርዮ ተስፋ ሲቆርጥ ለራሱ የሚያጉረመርማት ነገር ነበረችው፤ ማን ይሰማኛል ብሎ።

የውድድሩ እሁድ ደርሶ ጨርቁ ተገለጠ። በቀቀኑ ዙሪያውን አየና «ጭርርር» አለ፤ ለካ በግድግዳ ማዶ የዳርሶኖን ፌንጣ ሲያዳምጥ ከርሟል! ሰዉ በሳቅ ፍርፍር አለ። የዊርዮ ፊት አመድ መሰለ። ይሄኔ ወፉ በራሱ በዊርዮ ድምፅ፣ ሳሉ እንኳ ሳይቀር፣

«ዳርሶኖ እውነቱን ነው፤ ይሄ ወፍ ደንቆሮ ነው» አለ።

ዊርዮ «ተናገረ! ሙሉ ዓረፍተ ነገር!» ብሎ ዘለለ። ምን እንደተናገረ የገባው እግሩ መሬት ሲነካ ነው።

ዳርሶኖ መቼም ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ።

«አሸንፈሃል፣ መምህር። ያስተማርከውንም ተቀብያለሁ።»

ይኸው እስከ ዛሬ መንደሩ ሁሉ መምህር ይለዋል። ዊርዮም አቤት ይላል፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ያልጠፋ መርፌ እየፈለገ።