መልሱ ሁሉ ለመጨረሻው ጠያቂ

ዓረብ አገር በጥበቃነት ሠርቼ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ከኮምፒውተር ክፍሉ ሰዎች የለቃቀምኩት ፐርል የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የዛሬ ወጣቶች ይስቁበታል፤ ይሳቁ። ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ሐይቅ ተመልሼ በእሱ የዓሣ ማዘዣ ሠራሁ። የደሴ ምግብ ቤቶች በስልካቸው ያዛሉ፣ ፕሮግራሙ አስጋሪዎቹን «አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ላዘዘው ቤት ያደርሳል፤ ዓሣውም መልሱ ወደሄደበት ቤት ይጫናል። ይህ ካልያዘልኝ ተመልሼ ልሄድ ደላላ አነጋግሬ ነበር። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ቀና ብላ አታየኝም ነበር።

ብቻዬን ስሞክረው እንከን አልነበረውም። ሁዳዴ ሲገባ ግን ጉድ ፈላ። እኛ ቤት የሚጾመው ረመዳን ነውና ደሴ በሞላ በአንድ ጠዋት ዓሣ እንደሚያዝ አላሰብኩም። መልሱ ሁሉ መጨረሻ ላዘዘው ቤት ሄደ። እዚያ የስድስት ቤት ዓሣ ተራገፈ፣ አምስቱ ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

የአስጋሪዎቹ አለቃ አጎቴ ነው። «የእህቴ ልጅ ባትሆን አልታገሥህም ነበር። እስከ ሐሙስ ካላበጀኸው ይቅርብን» አለኝ።

ሁለት ቀን ኔትወርኩን ስረግም ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ሠፈር ውስጥ ዱዓ ስለነበር ይዛኝ ሄደች። ዱዓ አድራጊው ሽማግሌ የሁሉንም ሐጃ፣ ከአላህ የሚለምኑትን ጉዳይ፣ በየተራ ሲጠይቁ እኔ ጋ ደረሱ።

«የእኔም እንደ እናቴ ነው» አልኩ፣ ለመገላገል።

«የእናትህን እናትህ ይዛለች። አንተ ያንተን አምጣ።»

ክው አልኩ፤ የፕሮግራሜ ስህተት ያን ጊዜ ገባኝ። ፕሮግራሜ መልስ እስኪመጣ ቆሞ አይጠብቅም፤ «መልስ ሲመጣ ይህን አድርግ» የሚል ትእዛዝ ትቶ ወደ ሌላው ያልፋል። እኔ ግን የጠያቂውን ቤት ስም ለሁሉም በአንድ የጋራ ቦታ ነበር ያስቀመጥኩት። ቀጣዩ ሲመጣ የፊተኛውን ስም ይደመስሰዋል። ብቻዬን ስሞክር የፊተኛውም የኋለኛውም እኔው ስለነበርኩ አልታየኝም።

«መልሱን ለባለቤቱ ያድርስልኝ» አልኩ። ቤቱ ሙሉ ምኑንም ሳያውቅ «አሚን» አለ።

እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱን ጠያቂ ስም ይዞ እንዲወጣ ለማድረግ ሦስት መስመር በቃኝ። ሐሙስ ዓሣው በየቤቱ ደረሰ። አጎቴም «ይሁና፣ የቀሩትን ጀልባዎችም አስገባቸው» አለ።

ለደላላው ደውዬ እንደማልሄድ ስነግረው እናቴ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። የእሷ ሐጃ ምን እንደነበር ጠየቅኳት።

«ስለ ማሽንህ ምኑን አውቄ። ልጄ ከአጠገቤ አይራቅ፣ እሱው ይቅበረኝ ነው ያልኩ።»

«ለእሱ እንኳ አትቸኩዪ» አልኳት። ሳቀች፤ እኔ ግን እንባዬ መጣ።