ስንት አስገባህ?

ክሪፕቶ መነገድ የጀመርኩት መተማ ወረዳ፣ ኮኪት ላይ ትራክተር እየጠገንኩ ስኖር ነው። ያስተማረኝ ሰሊጥ ሊያዘራ ከጎንደር የወረደ ባለሀብት ነበር። እኔ ሞተሩን ስፈታ እሱ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ በስልኩ ቢትኮይን ይገዛል፣ ይሸጣል። «ብትከስር እንቅልፍ የማይነሳህን ያህል ብቻ አስገባ» አለኝ። የገባኝ መስሎኝ ነበር።

በትንሽ ገንዘብ ስነግድ ጎበዝ ነበርኩ። ዋጋው ሲወርድ አልደነግጥም፤ ሲወጣ በጊዜ እሸጣለሁ። ግን ትርፉም ያው ትንሽ ነው። እየቆየ ባተረፍኩ ቁጥር መደሰቴ ቀርቶ ይቆጨኝ ጀመር። «እጥፍ አስገብቼ ቢሆን ኖሮ» እያልኩ ትርፌን እንደ ኪሳራ አየው ነበር። ስለዚህ እጥፍ አስገባሁ። ቀጥሎ የእጥፉን እጥፍ።

ባለቤቴ ስለ ገበያው አታውቅም፤ የገንዘቡን መጠን ግን ከፊቴ ታነበዋለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጉርሻዬን ይዤ ስልኬ ላይ ፈዝዤ አየችኝ።

«ዛሬ ስንት አስገባህ?»

«እንደ ሁልጊዜው።»

«እንደ ሁልጊዜው ሲሆንማ ትበላለህ።»

ያኔ እርጉዝ ነበረች። የመጀመሪያ ልጃችንን ያጣነው ምጥ ይዟት ወደ ጎንደር ስንሄድ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ቆመን፣ መሃል መንገድ ላይ ያለችው አይከል እንኳ ሳንደርስ ሞተብን። ለዚህኛው ቀድማ ጎንደር ቤት ተከራይታ እንድትቀመጥ ገንዘብ አጠራቅመን ነበር። እኔ ያንን ገንዘብ ሳልነግራት ወደምነግድበት አፕ አዛወርኩት። ግማሹን፣ አፑ በሚያበድረው ገንዘብ አሥር እጥፍ አድርጌ አስገባሁ። ሌላውን ግማሽ አለመንካቴን እንደ ጥንቃቄ ቆጠርኩት።

በማግስቱ ዋጋው መውረድ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔት ተቋረጠ።

ሁለት ቀን ምንም ሳላይ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን፣ የድንበሩ ድልድይ አጠገብ የሱዳን ኔትወርክ ይይዛል ሲሉ ሰምቼ መተማ ዮሐንስ ሄድኩ። የሱዳን ሲም ያላቸው አንድ አዛውንት ባለሱቅ ከስልካቸው ኢንተርኔት አጋሩኝ። የይለፍ ቃሌን ደጋግሜ ስሳሳት አዩኝ።

«ልጄ፣ ቤት የታመመ አለ እንዴ?»

«አዎ» አልኳቸው፤ «ባለቤቴ ናት።»

«አላህ ያሽርልህ። በል ተጠቀም፤ ሂሳብ አልቀበልህም።»

አፑ ተከፈተ። ዋጋው ወርዶ ወርዶ እንደገና አገግሟል፤ ኪሳራዬ የአንድ ቀን ደመወዜን አያክልም። ሸጬ መውጣት እችል ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እግዚአብሔርን የለመንኩት ይህንኑ ነው። ግን ፍርሃቱ እንደለቀቀኝ ንዴት ያዘኝ። ያን ሁሉ ጭንቀት ለባዶ መሸከሜ አንገበገበኝ። የቀረውንም ግማሽ እንደዚያው አሥር እጥፍ አድርጌ እዚያው ቆሜ አስገባሁ። አዛውንቱን አመስግኜ ወጣሁ።

ኮኪት ኔትወርክ ሲመለስ ሂሳቤ ባዶ ነበር። ዋጋው ሲወርድ አፑ ብድሩን ለማስመለስ ራሱ ሸጦ ያለኝን በሙሉ ወስዶታል።

ለባለቤቴ ስነግራት ልብስ እያጠበች ነበር።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

አላለቀሰችም። እጇን ከውሃው አውጥታ በቀሚሷ አደራረቀች። «መተማ የሄድክ ቀን ሸጠህ መውጣት ትችል ነበር?» አለችኝ።

«እችል ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘቡ አንስታ አታውቅም። ሰባተኛ ወሯ ሲገባ፣ ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር በሚወጣ መኪና ሹፌሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ከነልጆቿ አንዲት ክፍል ውስጥ የምትኖር እህቷ ዘንድ ሄደች። ልሸኛት ስነሳ «ሥራህን ሥራ» አለችኝ።

ሴት ልጅ በሰላም ወለደች። የነገረችኝ እህቷ ናት፤ ያውም በሦስተኛው ቀን። መንገድ ሲከፈት ሄጄ ልጄን አቀፍኳት። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር፤ እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ከአተነፋፈሷ አውቃለሁ። እህቷ ሻይ አቀረበችልኝ። ጠጥቼ ሕፃኗን እናቷ አጠገብ አስተኛኋትና ለማግስቱ ወደ ኮኪት የመኪና ትኬት ልቆርጥ ወጣሁ።