ኦርኬስትራውና የምሳው ሰልፍ

ዛሬ አዳማ ላይ ኦርኬስትራው ገና መጫወት ከመጀመሩ የመድረክ አስተዋዋቂው ማይኩን አንስቶ «ክቡራን እንግዶቻችን፣ ምሳ ተዘጋጅቷል!» አለ።

አዳራሹ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ሙዚቀኞቹ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጡት «ሙዚቃን ለሕዝብ ለማቅረብ» ነው ተብሎ ነበር። መጀመሪያ የክብር እንግዳውን ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ ንግግር፣ ደግሞ ሌላ ንግግር፣ የምስክር ወረቀት፣ ፎቶ። ለሙዚቃው የተረፈው የምሳ ሰዓት ነው።

አባቴን ይዤ ነበር የሄድኩት። በወጣትነቱ ወንጂ ውስጥ በሠራተኞች ባንድ ክላርኔት ይጫወት ነበር። ለዛሬ ብሎ ኮቱን አስተኩሶ፣ ከረቫት አስሮ ነው የመጣው።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ተነስቼ ነበር። ክትፎው ቶሎ እንደሚያልቅ አውቃለሁ።

አባቴ እጄን ያዘኝ። «ቁጭ በል። ለሚጫወት ሰው ጀርባ አይሰጥም።»

ተቀመጥኩ። ከፊታችን ቫዮሊን፣ ከኋላችን የሳህን ኳኳታ። ሲጨርሱ አባቴ ብድግ ብሎ ብቻውን አጨበጨበ። የኦርኬስትራው መሪ ወደ እሱ ዞሮ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳው።

ክላርኔቱን ለምን እንደተወ ስጠይቀው ሁልጊዜ መልሱ «ሳንባዬ ደክሞ ነው» ነበር። ዛሬ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ምንም ሳልጠይቀው «ሳንባዬ እንኳን ደህና ነበር። የሰው ጀርባ እያየሁ መጫወት ነው የሰለቸኝ» አለኝ።

ከእናንተ መሃል ሰው እየተጫወተለት ወደ ምሳ ሰልፍ የሮጠ አለ? እስቲ ሳትዋሹ ጻፉ። እኔ እጄን አውጥቻለሁ።