የሹሩባ ሠሪዋ ጣቶች

ገላን ኮንዶሚኒየም ገብታችሁ ሹሩባ የምትሠራ ሴት ብትፈልጉ አድራሻ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም፤ «ሥርጉት ጋ» ካላችሁ ሕፃን ሽማግሌው እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል። ግራውንድ ላይ ባለችው ቤቷ በራፍ ሁልጊዜ አንዷ ዱካ ላይ ተቀምጣ ራሷን ሰጥታለች። ሥርጉት አፏም እጇም አያርፍም፤ ወሬው ሲያልቅ ሹሩባውም ያልቃል።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት የጥምቀት ሰሞን አንድ ጧት ተነስታ የሻይ ብርጭቆ መጨበጥ ያቃታት። ጣቶቿ አበጡ፤ ጉልበቶቿም ደረጃ ባዩ ቁጥር ማማረር ጀመሩ። ጎረቤቱ «ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ነው» ብሎ በቅባት አሻት፣ ፌጦም አጠጣት። ሐኪም ቤት ስትሄድ ግን ወጣቱ ሐኪም ሌላ ነገር ነገራት።

«የሰውነትዎ ዘበኛ ሌባና ባለቤት መለየት አቅቶት ነው። የሚደበድበው የራስዎን መገጣጠሚያ ነው።»

«ታዲያ ማባረር አይቻልም?»

«ማባረርስ አይቻልም፤ መድኃኒቱ ያበርደዋል። እርስዎ ደግሞ ክብደት ይቀንሱ። ስኳሩን፣ የፉርኖ ዳቦውን፣ የተጠበሰውን ይተዉ። ሁሉንም ሰው እኩል ባይረዳም ብዙዎችን ቀለል ብሏቸዋል።»

ሥርጉትን ያስጨነቃት ክብደቱ አልነበረም። ልጇ ዮዲ ለከርሞ ጥር እጮኛዋን ኤባን ታገባለች። የመልሱ ቀን ሙሽራ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ሹሩባ ተሠርታ ነው የምትቀርበው። ሥርጉት የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ስትሠራ የኖረችው አንድ ቀን የራሴን ልጅ እሠራለሁ እያለች ነው። የዮዲን ፀጉር ሌላ ሴት ስትሠራው፣ እሷ ቆማ ስታይ ይታያታል።

ሁዳዴ ሲገባ ደስ አላት። «ዳየቱን እግዜር ራሱ አዘዘልኝ» አለች። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፤ ከዚህ በላይ ምን ይተዋል? እኛ እንደሆንን የጾም ምግብ ጽድቅ እንጂ ስብ ያለው አይመስለንም። ስለዚህ ሥርጉት ከቅዳሴ መልስ ዘይት የጠጣ የምስር ሳምቡሳ፣ በስልስ የተጥለቀለቀ ፓስታ፣ ዳቦና ስኳሩ የበዛ ሻይ በንጹሕ ኅሊና ታወራርድ ገባች። ፋሲካ ሲቃረብ፣ ታክሲ ተራው አጠገብ ሰው እየመዘነ የሚውለው ዘካሪያስ ሚዛን ላይ ወጣች።

«እትዬ፣ የጾሙት ለመወፈር ነው እንዴ?» አላት ዘካሪያስ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን እያየ።

መጀመሪያ ሚዛኑን ሰደበች፤ ቀጥላ ዘካሪያስን። ቤቷ ስትደርስ ራሷን ሰደበች፤ የኋለኛው ስድብ ትክክለኛው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን የምሯን ያዘችው። ስኳር የሌለው ሻይ መጀመሪያ ኮሶ ኮሶ አላት። ዳቦው ቀረ፤ እንጀራው በልክ ሆነ፤ ጎመን፣ ምስርና ዓሣ በትንሽ ዘይት ይሠራ ጀመር። መድኃኒቷንም አላቋረጠችም። ክረምቱ ሲገባ ቀሚሷ ሰፍቷት፣ ጧት ጧት ደርቀው የሚያስለቅሷት ጣቶች ቶሎ ቶሎ ይፍታቱ ነበር።

ያስቸገረቻት ጎረቤቷ አሰፋች ነበረች። አሰፋች የወደደችውን ሰው ታጎርሳለች፤ ያጎረሰችውን ደግማ ታጎርሳለች። የልጅ ልጇ ክርስትና የተነሳ ዕለት፣ ቅቤው የሚንጠባጠብ ዶሮ ወጥ ጠቅልላ ሥርጉት ፊት ቆመች።

«አፈር ስሆን! በሞቴ ጉረሽልኝ!»

በሞቴ ከተባለ በኋላ እምቢ ማለት ሰው እንደ መግደል ነው። ሥርጉት በዚህች ቃል ስንቴ ተሸንፋለች! ያን ዕለት ግን እጆቿን ዘረጋች።

«አሰፋችዬ፣ አንቺ ብትሞቺ ዕድር አለሽ። እነዚህ ጣቶች ግን ዕድር የላቸውም።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። አሰፋች ብቻ አልሳቀችም። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሳ ሄደች፤ ከዚያ በኋላም ሥርጉትን በሩቁ ሰላም እያለች ታልፋት ጀመር። ሥርጉትን በጣም ከፋት፤ ጣቴን አድናለሁ ብላ ወዳጇን ያጣች መሰላት።

አንድ እሑድ አሰፋች በሩን ሳታንኳኳ ገባች። እንዳኮረፈች ነው፤ እጇ ላይ ግን ሳህን አለ።

«ጎመን ነው። ዘይት ጠብ አላልኩበትም፤ ጣዕሙን ፈጣሪ ይወቀው። ይኼንንስ ትጎርሺልኛለሽ?»

ሥርጉት ጎረሰች። ጨው እንኳ አልነበረውም። «ድገሚኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ለሥርጉት ስኳር ያቀረበ ሰው የሚጣላው ከአሰፋች ጋር ሆነ።

ጥር ደረሰ። የመልሱ ዕለት ዮዲ በማለዳ እናቷ ቤት መጥታ ተቀመጠች። የሥርጉት ትንሿ ጣት አሁንም አልተቃናችም፤ ድሮ ወሬ እያወራች የምትጨርሰው ሥራ ረፋዱን ሁሉ ፈጀባት። በየመሃሉ እጇን ለብ ባለ ውሃ ትነክራለች፤ አሰፋች ፎጣ ታቀብላታለች።

«እማ፣ ካቃተሽ ሌላ ሰው እንጥራ» አለች ዮዲ ቀስ ብላ።

ሥርጉት መጎንጎኗን ቀጠለች። ጠበቅ ተደርጎ ያልተጎነጎነ ሹሩባ እስክስታው ሳይጋመስ ይፈታል፤ ጣቶቿ ያን ያህል ጉልበት ይኑራቸው አይኑራቸው አላወቀችም። የመጨረሻዋን ዘለላ ያዘችና ባላት አቅም ሁሉ ሳበች።

«ኧረ እማ! አመመኝ! ላላ አድርጊው!»

«አመመሽ? የምርሽን ነው?»

«በጣም እንጂ!»

ሥርጉት ልጇን ከኋላ እቅፍ አድርጋ ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

«አሰፋች፣ ምን ትጠብቂያለሽ? እልል በይ እንጂ! አመማት!»