ያለ ፈቃድ የጠፋው ቃሬዛ ተሸካሚ

ፍሬን ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ዶሮ እንኳ መንገድ ካቋረጠች ቀጥ አድርጎ ስለሚያቆም ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም እስከ ጡረታው ተከተለው። ቤት መዋል ሲጀምር ድስት እየከፈተ አስተያየት መስጠት አበዛ። ሚስቱ መረራትና፣ "እባክህ አንድ የምትይዘው ነገር ፈልግ" አለችው። እሱም የአያቱን ነገር ያዘ።

በአያቱ ጉዳይ ዘመዱ ለሁለት ተከፍሏል። ፍሬንና ወንድሞቹ "ጦር ሜዳ የዋለ ወታደር ነው" ሲሉ፣ የአጎቱ ልጆች ደግሞ "የምን ጦር ሜዳ! እስር ቤት ነው የከረመው" ይላሉ። ሽማግሌው ራሳቸው በሕይወት ሳሉ ሲጠየቁ፣ "ሄድኩ፣ መጣሁ፣ በቃ" ከማለት በቀር ትንፍሽ አላሉም። ከልጆቻቸው የቀሩት አክስቱ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ወሬው በተነሳ ቁጥር ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

ፍሬን አጠያይቆ የድሮ ወታደሮች ማኅደር የሚቀመጥበትን ቢሮ አገኘ። ምድር ቤት ነው። ግድግዳውን እርጥበት በልቶታል፤ በሲባጎ የታሰሩ ፋይሎች በብረት መደርደሪያ ላይ እስከ ኮርኒሱ ተቆልለዋል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አቧራው እያስነጠሳት ብዙ ፈለገች።

"በዚህ ስም አራት ሰው አለ፣ አባባ። የሁለቱ ደግሞ የአባታቸውም ስም አንድ ነው። የእናታቸውን ስም ያውቃሉ?"

አያውቅም። የአያቱን እናት ስም ማን ጠይቆ ያውቃል? አክስቱ ዘንድ ደወለ።

"ምን ሊያደርግልህ ነው?" አሉት።

"ፋይሉን ለመለየት ነው፣ እትዬ።"

"አንተ ልጅ፣ የሞተ ሰው ምን ይፈተፈታል!" ብለው ተቆጡት። ስልኩን ሊዘጉበት ነው ሲል ስሙን ነገሩት።

ፋይሉ ስስ ነው። አያቱ ቃሬዛ ተሸካሚ ወታደር ነበሩ። በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ መጻፍ አይችልም ይላል፤ በፊርማ ፋንታ የአውራ ጣት አሻራ ታትሟል። ቀጣዩ ገጽ ላይ፣ ያለ ፈቃድ ከክፍሉ ጠፋ፣ በገዛ እግሩ ተመለሰ፣ ስድስት ወር ታስሮ ወደ ሥራው ገባ ተብሎ ተጽፏል። የጠፋበት ምክንያት የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

"ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው" አለች ሠራተኛዋ። "ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም።"

ፍሬን የተሰማውን ለራሱም መለየት አቃተው። እንዳይኮራ እስሩ አለ፤ እንዳያፍር ቃሬዛው አለ። ቅጂውን አጥፎ የደረት ኪሱ ከተተና በቀጥታ አክስቱ ቤት ሄደ።

የአክስቱ ዓይን ስለ ደከመ እሱ አነበበላቸው። አያቱ የጠፉበት ወር ላይ ሲደርስ፣ "ቆይ እስቲ፣ ድገመው" አሉ። ደገመው።

"እናቴ በእኔ አራስ ሳለች ነው፤ እሷው ናት የነገረችኝ። ነፋስ ጣራውን ገልቦት ዝናቡ አልጋችን ላይ ይወርድ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ሳይታሰብ ከች አለ። ቆርቆሮውን መትቶ ጨረሰ፣ እኔን አንዴ አቀፈኝና ተመልሶ ሄደ። 'ፈቃድ ሰጡህ ወይ?' ብትለው 'ጠይቄያቸዋለሁ' ነው ያላት።"

"ሰጡኝ አላለም?"

"ጠይቄያቸዋለሁ ነው ያለው!" አሉና ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። "እኔ ደግሞ ወታደር ቤት የገባው እኛን ሸሽቶ ነው እያልኩ ስቀየመው ኖርኩ።"

ፍሬን ፋይሉ ስለ ጣራ አንዲት ቃል እንደማይተነፍስ ሊነግራቸው ከጀለ። ወሩ ስለገጠመ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ግን ቅጂውን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው።

ዘመድ አክስቱ ቤት ሲሰበሰብ ቅጂው ተነበበ። አንዱ ወገን "ወታደር ነው አላልንም?" ሲል፣ ሌላው "እስር ቤት ነው አላልንም?" አለ። አክስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስኮቱ ዞር ብለው የጣራውን ነገር አወሩላቸው።

ክርክሩ ግን አልሞተም፤ መልኩን ለወጠ እንጂ። "እስር ቤት ነው የከረመው" ሲል የኖረው የአጎቱ ልጅ አሁን ማንንም አያስወራም፤ "ለአንድ ጣራ ስድስት ወር በዛ፤ ይግባኝ ማለት ነበረበት" እያለ ይሟገታል።