የንብ ቅል አይታጠንም

ባለፈው ሳምንት አባ ገብረ ማርያም ከጅጋ ሚኒባስ ተሳፍረው ፍኖተ ሰላም ቤቴ ድረስ መጡ። ገና ከመቀመጣቸው፣ «ሙሉነህ አልጋ ላይ ነው። ሳልሞት ከዚያ ልጅ ጋር አስታርቁኝ ብሎ ልኮኛል» አሉኝ። ጠጉሬ ሸብቶም ለሙሉነህ ልጅ ነኝ። አባ መልሴን ሲጠብቁ እኔ በሐሳብ ወደዚያች ግንቦት ነጎድሁ።

ሙሉነህ የእናቴ የጥሩነሽ ጎረቤት ነበር። የአንዲት ባልቴት ድንበር ገፍቶ በተከሰሰ ጊዜ እናቴ ምላ መሰከረችበትና መሬቱን መለሰ። በዓመቱ የእናቴ ንቦች ባንድ ቀን ረገፉ። እኛ አገር ንብ በሐሰት የማለ ሰው ቤት አትበረክትም ተብሎ ይታመናል። ሙሉነህ ይህችን ይዞ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመና፣ «ንቦቿ መሰከሩባት!» አለ። ሰውም አመነው። ማኅበርተኞቿ ተራዋን ዘለሉባት። እናቴም ቅዳሴውን ከአጥር ውጭ ቆማ ትሰማ ጀመር።

እኔ ይህን አላውቅም። ባሕር ዳር ተማሪ ነበርሁ። ቤተ ሙከራችን ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ከሸረሪት ድር የቀጠነ ክር እየሳብን፣ ዓይን የማያየው የወርቅ ብናኝ እያስገባንበት፣ ስስ ጨርቅ እንሠራ ነበር። ወርቅ ያን ያህል ሲደቅ ቢጫነቱ ይጠፋና ቀይ ይሆናል። የተባይ መርዝ ሲነካው ደግሞ ብናኙ እርስ በርሱ ይጣበቅና ጨርቁ ሰማያዊ ይሆናል። ለግንቦት ልደታ ወደ አገሬ ስሄድ ለእናቴ ልኩራራባት ብዬ ቁራጩን በወረቀት ጠቅልዬ ያዝሁ። ቡሬን ስናልፍ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን አርሶት ነበር፤ በመስኮት የሚገባው የአፈር ሽታ ልብ ይሰርቃል። ፍኖተ ሰላም ላይ ማንጎ ገዛሁ። ከጅጋ በኋላ በእግሬ ነው።

እናቴ ማንጎውን ተቀብላ ሳትቀምሰው አስቀመጠችው።

«እማ፣ ምን ሆነሻል?»

ሁሉን ነገረችኝ። መጨረሻ ላይ፣ «ልጄ፣ ሳላውቀው ዋሽቼ ይሆን እንዴ እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ» አለች።

ያኔ ደሜ ፈላ። ንቦቿ መሞታቸው አይደለም ያንገበገበኝ፤ ያቺ በቃሏ የምትታወቅ ሴት ራሷን መጠርጠሯ ነው። አበባ ሲጠፋ ንቦቿን የምታበላበት ገበታ ላይ የደረቀ የማር ብጥብጥ ነበር። በውኃ አራስሁና ጨርቁን አስነካሁት። ቀዩ ጨርቅ ሰማያዊ ሆነ።

«መርዝ ነው እማ። ሰው ነው የገደላቸው።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

በልደታ ዕለት መንደርተኛው ከዋርካው ሥር ንፍሮ ለመብላት ሲሰበሰብ ጉዳዩን ለሽማግሌው ለአያ አዳነ አቀረብሁ። እሳቸውም አውጫጭኝ ይሁን አሉ፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ። ንብ ያለው ሁሉ የማር ብጥብጥ የሚያዘጋጅበትን ቅል እንዲያስመጣ ታዘዘ። በየቅሉ ውኃ ጨምሬ እያለቀለቅሁ የጨርቁን ብጣሽ ነከርሁ። የሁሉም እንደ ቀላ ቀረ። የሙሉነህ ሰማያዊ ሆነ።

«የተማሪ ምትሐት ነው!» ብሎ ጮኸ። «እናንተ ሰዎች፣ እኔ ላይ በእራፊ ጨርቅ ልትፈርዱብኝ ነው?»

ሰው አመነታ፤ እውነትም ጨርቁን ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። አያ አዳነ ግን ቅሉን አንሥተው አሸተቱ። ውኃ ሲነካው የወይራ ጢስ ሽታው ወጥቷል።

«አንተ ሙሉነህ፣ የንብ ቅል ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚታጠነው?»

የወተት ቅል ሁሉም ቤት ይታጠናል። የንብን ግን ማንም አያጥንም፤ ንብ ጢስ ትሸሻለች። የመርዙን ሽታ ላጥፋ ብሎ ነው ያጠነው።

ሙሉነህ ጥፋቱን አመነና ድንጋይ ተሸክሞ ከእናቴ እግር ሥር ወደቀ። እሷም «ለእግዜር ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሊነሡ ሲሉ እኔ እንቢ አልሁ፤ ስሟን ያጠፋበት በር ላይ ቆሞ በአፉ ይመልሰው አልሁ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሕዝቡ ፊት አንገቱን ደፍቶ፣ «ጥሩነሽ እውነት ነው የማለችው፤ ንቦቿን የፈጀሁት እኔ ነኝ» አለ።

«አልተሰማም» አልሁት። ደገመው።

«አሁንም አልተሰማም።»

ድምፁ እስኪሰነጠቅ አስጮኽሁት። ያ ድምፅ ዛሬም ሳስበው ይጣፍጠኛል።

አባ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ነው ከሐሳቤ የነቃሁት። «እናትህ እኮ ይቅር ብላዋለች» አሉኝ።

«ብላዋለች አባ። ግን እስክታርፍ ድረስ፣ አንዳንድ ቀን እጄን ይዛ ‹ድንበሩ እኔ ባልሁት በኩል ነበር፣ አይደል?› እያለች ትጠይቀኝ ነበር። እሱ ይቅርታውን ወስዶ ተኛ፤ እሷ ጥርጣሬውን ይዛ ተቀበረች። እርስዎ እሷን ከራሷ ጋር ያስታርቁልኝ፤ ከዚያ እኔ በእግሬ እመጣለሁ።»

አባ መስቀላቸውን ሳያሳልሙኝ ወጡ። ሰው ሲያረጅ ቂሙ ይበርድለታል ሲሉ እሰማለሁ፤ የእኔ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልለመንሁ። በሩን ዘጋሁና እጄን ታጥቤ ምሳዬን ጥግብ ብዬ በላሁ።